ኢንሹራንስ የሌለው ጓዳ

ሰው የኢንሹራንስ ውል አያነብም። ይህን የምልህ እኔ አንዳርጋቸው፣ ባሕር ዳር ኢንሹራንስ ቢሮ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ሰው ሳዋውል የኖርሁ ሰው ነኝ። ባለወፍጮው፣ ባለዳቦ ቤቱ፣ የጭነት መኪና ያለው ሁሉ ይመጣና የት ጋ ነው የምፈርመው ይላል። ቦታውን በጣቴ አሳየዋለሁ፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። ቤቱ ሲቃጠል ተመልሶ ይመጣና እንዲህ የሚል የት አለ ብሎ ጠረጴዛዬን ይደበድባል። እዚህ ጋ አለ እለዋለሁ። ያ ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

ውሉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አስነብቦ የፈረመ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። እሳቸውም ቅጹ ላይ ዋሹ።

አያ ሙሀመድየሱፍ ይባላሉ። በገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን፣ ኮታ ሲፈቅድ ደግሞ ቴትሮን። አጭር ሰው ናቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ዋጋ አንድ ጊዜ ይናገራሉ። ገዢው ከተከራከረ ጣቃውን ጠቅልለው ወደ መደርደሪያው ይመልሳሉ፤ አይቆጡም፣ አይለማመጡም። ባለቤታቸው መሪየም ጎናቸው ተቀምጠው በክንድ ይለካሉ። የመሪየም ክንድ ከሰው ክንድ በሁለት ጣት ይረዝማል ስለሚባል ሴቱ ሁሉ እሳቸው ካልለኩልኝ አልገዛም ይል ነበር። ሱቁ ድሮ የራሳቸው ቤት ነው፤ በአዋጁ ጊዜ ትርፍ ቤት ተብሎ የቀበሌ ሆነና ለገዛ ቤታቸው ኪራይ ይከፍላሉ። በየወሩ መጀመሪያ ቀን፣ ጧት።

በ1974 ዓ.ም. ጨርቅ በኮታ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ያለ ኢንሹራንስ ወረቀት ኮታ አይሰጥም የሚል ደብዳቤ ለነጋዴው በተነ። ደብዳቤው እኛን ለማስደሰት የተጻፈ አይመስለኝም፤ ግን ደስ ብሎን ነበር። አለቃዬ ቅጽ አሸክሞ ወደ ገበያ ሰደደኝ። በሁለት ቀን አሥራ ሰባት ሰው አስፈረምሁ። አሥራ ስምንተኛው አያ ሙሀመድየሱፍ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ አንድ ሙሉ ቀን ዋልሁ።

በርጩማ ሰጡኝና አንብብልኝ አሉ። የትኛውን ብላቸው ሁሉንም አሉ። እኔም ሆዴ እየጮኸ ማንበብ ጀመርሁ። መጀመሪያ የሚሸፈነውን፦ ቃጠሎ፣ መብረቅ፣ የምድጃ ፍንዳታ። ይኸውም ቤቱን አይመለከትም፤ ውስጡ ያለውን የእሳቸውን ሸቀጥ ብቻ ነው። እሺ አሉ። ቀጥሎ የማይሸፈነውን፦ ጦርነት፣ ሁከት፣ አድማ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ብልና አይጥ፣ መንግሥት የወረሰው ንብረት። መንግሥት የወረሰው ስል ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። ሁለተኛው ገጽ መሐል ስደርስ አስቆሙኝ።

«የሚከፈለው ስንት መስመር ነበር?»

«አራት» አልኋቸው።

«የማይከፈለውስ?»

«ገና አልጨረስሁም።»

«ቀጥል» አሉ።

ቀጠልሁ። ሲያልቅ ወደ ተዋዋዩ ግዴታ ገባሁ። ቤንዚን ሱቅ ውስጥ አለማስቀመጥ፣ የሸቀጥ መዝገብ መያዝ፣ አደጋ ሲደርስ ወዲያው ለቢሮው ማስታወቅ፣ የተረፈውን መርማሪ ሳያየው አለመነካካት። የመጨረሻዋ ደግሞ፣ አደጋ ሲደርስ ተዋዋዩ ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ሆኖ ንብረቱን ለማዳን ይጣጣራል ትላለች። እሷን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ኢንሹራንስ ከገዛሁ በኋላ እንዳልገዛ ሰው ልሁን ነው?» አሉ።

ነው አልኋቸው።

«ይኸንንማ በነጻም አውቅበት ነበር» አሉና ወደ መሪየም ዞሩ። መሪየም አልሳቁም። እኔ ግን ሳቅ አመለጠኝ።

ከዚያ ወደ ቅጹ መጣን። ጥያቄዎቹን አነባለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በመደብሩ ውስጥ የሌላ ሰው ንብረት አለ ወይ? ካለ የባለቤቱ ስምና የዕቃው ዓይነት ይገለጽ። አስረዳኋቸው። ውሉ የሰው ዕቃ አይሸፍንም፤ ይሸፈንልኝ የሚል አስቀድሞ ያስመዘግባል። ኖሮ የለም ያለ ደግሞ የራሱንም ካሳ ሊያጣ ይችላል፤ ኢንሹራንስ የሚሠራው ተዋዋዩ የሚያውቀውን ሁሉ ሲናገር ነው። ይህን ሁሉ በወጉ ነገርኋቸው፤ ሥራዬ ነው።

እኔ ከተቀመጥሁበት የጓዳው መጋረጃ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡ ጆንያ ይታየኛል፣ በገመድ የታሰረ ጋቢ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ሁለት ሦስት ሰንዱቅ፣ አንድ የብረት ሳጥን። ግድግዳው ላይ ኮርቻ ተሰቅሏል። በየትኛው አገር ጨርቅ ነጋዴ ኮርቻ ይሰቅላል?

«ጻፍ፤ የለም» አሉኝ።

«አያ ሙሀመድየሱፍ፣ ኮርቻው የርስዎ ነው?»

«እኔ የለም ብያለሁ።»

መሪየም ተነሡና መጋረጃውን ዘጉት። እኔም የለም ብዬ ጻፍሁ፤ ቅጹ የሚቀበለው የተዋዋዩን ቃል ነው። ተፈራረምን። ምሳ ብላ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ፤ ስለ ኮርቻው ተቀይሜ ነበር።

የጓዳውን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን አያወራውም። ከመሸንቲ በእግሩ፣ ከሐይቁ ማዶ በታንኳ ለገበያ የሚመጣ ሰው ያልተሸጠለትን ዕቃ እስከሚቀጥለው ገበያ እሳቸው ዘንድ ይተዋል። ድሮ ይኸው ነበር። በኋላ ዘመኑ ሲከፋ የሚተወውም በዛ። ሚሊሺያ የሚዘምተው ኮርቻውን፣ ወደ ሌላ አገር የተዛወረው ምንጣፉን ያመጣል፤ ባል የሞተባት ሴት ዘመድ እንዳይቀማት ጥሎሿን ታመጣለች። እሳቸው ደረሰኝ አይሰጡም፣ አይጽፉም፣ የአንዱን ለሌላው አይናገሩም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሳቸው ዘንድ አባባል ብቻ አልነበረም። የተነገረ አደራ ከአደራነት ወጣ ይሉ ነበር። በቅጹ ላይ የሰው ስም ዝርዝር ማስፈር ደግሞ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቅ ታውቃለህ፤ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነህ።

ጥር 1976 ላይ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ልክ በጁምዓ ሶላት ሰዓት እሳት ተነሣ። የተነሣው ከጎናቸው ካለው ከአገርነሽ ሻይ ቤት ነው። አገርነሽ ራሷ እንደነገረችኝ የላምባ ምድጃዋን ለኩሳ እጣቢ ልትደፋ ወጣች፤ ስትመለስ መጋረጃው ነዷል። እኛ ቢሮ ሆነን ጭሱን አየነው። ሮጬ ስደርስ እሳቱ በጋራው ግድግዳ ወደ አያ ሙሀመድየሱፍ ሱቅ ጣሪያ እየገባ ነበር። ሱቁ ተቆልፏል፤ ሰዉ በባልዲና በጄሪካን ውኃ ይወራወራል፤ ወዲያው እሳቸው ከመስጊድ በባዶ እግራቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ።

በሩን ከፈቱ። ስምንት ዘጠኝ ጎረምሳ ተከትሏቸው ገባ። ጣቃው እዚያው በሩ አጠገብ ነው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። አንዱ እጁን ሲሰድ ሰማኋቸው፦

«ተወው። ጓዳውን።»

ጣቃውን አውጡ ብዬ ጮኽሁ። ማንም አልሰማኝም። በጨርቁ ሥር እየተሽሎከለኩ ጆንያውን አወጡት፣ ጋቢውን፣ ምንጣፉን፣ ሰንዱቁን። ኮርቻው ወጣ። የመጨረሻውን፣ የብረት ሳጥኑን፣ አያ ሙሀመድየሱፍ ራሳቸው ደሞዝ ከሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር በጫፍና በጫፍ ይዘው ወጡ። ከበሩ አሥር እርምጃ ያህል እንደራቁ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። አንድ ጣቃ አልወጣም። የእሳት መኪናው ሲደርስ የሚያጠፋው ፍም ብቻ ነበር። መሪየም ከቤት መጥተው የሆነውን ሲያዩ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

እኔ ተናደድሁ። እንደዚያ ቀን የተናደድሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንድ ሰው ኢንሹራንስ የገባውን ንብረት አቃጥሎ ያልገባውን ሲያድን ቆሜ አየሁ። ለመዝገብ እንኳ አይመችም።

አያ ሙሀመድየሱፍ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ መጥተው አደጋውን አስታወቁ፤ ግዴታቸውን ያውቃሉ። የነደደውን ጨርቅ በመዝገባቸው መሠረት ጠየቁ፤ መዝገባቸው በብረት ካዝና ውስጥ ተርፎ ነበር። ስለ ጓዳው አንዲት ነገር አልጠየቁም።

በአሥረኛው ቀን ከአዲስ አበባ መርማሪ መጣ። አምሐ ይባላል። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ መነጽሩን ቶሎ ቶሎ የሚወለውል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ፋይሉን አንብቦ፣ አመዱን አይቶ፣ ሰዉን ጠይቆ ሲያበቃ እኔን ይዞ ወደ አያ ሙሀመድየሱፍ ቤት ሄደ። ቤታቸው ወደ ሐይቁ ዳር ነው። ከእሳት የወጣው ዕቃ በረንዳው ላይ ተደርድሮ በሰሌን ተሸፍኗል።

«አቶ ሙሀመድየሱፍ፣» አለ አምሐ፣ «ቅጹ ላይ የሰው ንብረት የለም ብለዋል። ይኸ የማን ነው?»

«የሰው።»

አምሐ መነጽሩን ወለወለ። ነገሩን ቀስ ብሎ ዘረዘረላቸው። የሰው ከሆነ ቅጹ ላይ ያልሆነ ቃል ሰጥተዋል። የሰው ካልሆነ ደግሞ የራስዎን ሸቀጥ አውጥተው ደብቀው ተቃጠለ እያሉ ነው። ሁለቱም ካሳ ያስከለክላል። ሦስተኛም አለ፤ ኢንሹራንስ ያለውን ንብረት ለማዳን እጅዎን አልዘረጉም፤ ስምንት ሰው በጨርቁ ሥር እያለፈ አንድ ጣቃ እንኳ አልነካም። ይህን ለምን አደረጉ?

«የኔ ኢንሹራንስ አለው» አሉ አያ ሙሀመድየሱፍ። «ያ ግን ከኔ በቀር ምንም የለውም።»

አምሐ ቃሉን እንዳለ ጻፈው። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ከዚያ የከፋ መልስ በኢንሹራንስ ሕግ ውስጥ የለም።

አምሐ ወደ እኔ ዞሮ ቅጹን ስሞላ ጓዳውን አይቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅጹ የሚቀበለው የተዋዋዩን ቃል ነው አልሁት። ብዙ አየኝና ተወኝ። ከዚያ ለአያ ሙሀመድየሱፍ አንድ መንገድ ከፈተላቸው። ዕቃው በርግጥ የሰው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ለሱም ካሳ ስላልጠየቁ፣ ውሸቱ ማንንም አልጎዳም ብዬ ልጽፍ እችላለሁ አለ። የሚያስፈልገኝ የባለቤቶቹ ስም ነው። እስከ ሰኞ ድረስ።

«ስም አልሰጥም» አሉ።

ሰውዬው ያሉበትን አውቀው ነው እንዲህ ያሉ። ካሳው ካልተከፈለ ሸቀጥ የለም፤ ሸቀጥ ከሌለ ኮታ ለሌላ ይተላለፋል፤ ኮታ ከሄደ ፈቃዱም ይሄዳል። በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ክንዷ ከሚረዝም ሚስት በቀር ምንም አይተርፋቸውም ነበር። ስንወጣ መሪየም እስከ አጥሩ ሸኙን፤ «ልጄ፣ ንገራቸው እንጂ» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ግን አልነገሩኝም።

እኔ አልነገርኋቸውም። አገርነሽ ግን ካሳው በባለቤቶቹ ስም እንደታገደ ሰምታ ነበር። እሳቱ ከቤቷ ስለወጣ ውስጧ ሲነድ ነው የከረመ፤ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ ነገረች፤ የቅዳሜ ገበያ ስለደረሰ ወሬው እስከ ሐሙሲት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ቅዳሜ ጧት ቢሮ ስገባ በራፉ ላይ ሰው ተሰልፏል።

የመጀመሪያዋ ባንቺአየሁ የምትባል የመሸንቲ ሴት ነበረች። «ኮርቻው የባሌ ነው፤ ዘምቷል» አለች። አምሐ ኮርቻው ምን ምልክት አለው ሲላት የግራው እርካብ በሽቦ የታሰረ ነው አለች። ሄደን አየን፤ በሽቦ ታስሯል። ቀጥሎ ደሞዝ ገባ፤ ያ ሳጥኑን ያገዘው። ለካ ጋቢው የሱ ነው፤ ለእናቱ መግዛቱን ሚስቱ እንዳታውቅበት ነው ያስቀመጠው፤ ይህን ብቻ እንዳትጽፉ ብሎ ለመነን። የታንኳ ሰው መጣ፣ ምንጣፉን ትቶ የተዛወረው መምህር እኅት መጣች፣ ጥሎሿን የደበቀችው ሴት መጣች። እያንዳንዱ የቋጠሮውን ውስጥ ሳያይ ይናገራል፤ ስንፈታው ልክ ይሆናል። አምሐ በዚያ ቀን መነጽሩን አልወለወለም፤ እጁ ሥራ ይዞ ነበር።

አያ ሙሀመድየሱፍ ሲሰሙ መጡ። ደስ ያላቸው እንዳይመስልህ። የአንዱን ዕቃ ሌላው እንዳይሰማ ብለው ሰልፉን አራርቀው አቆሙት፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ከደጅ ቆሙ። የሚያውቁትን ነገር ላለመስማት ነው እንግዲህ።

እኩለ ቀን ላይ ሃያ ሁለት ዕቃ ባለቤቱን አገኘ። የቀረው የብረት ሳጥኑ ብቻ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ፣ ገበያው ተፈታ፣ ማንም አልመጣም። እሑድም አልፎ ሰኞ ጧት አምሐ ሳጥኑን ወደ ቢሮ አስመጣና አያ ሙሀመድየሱፍን ጠራቸው።

«አንድ ቀርቷል» አለ። «ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ የርስዎ ነው ተብሎ ይገመታል። ወይ ስም ይንገሩኝ፣ ወይ ይከፈት።»

ቁልፉ እሳቸው ዘንድ እንደሌለ ነገሩት። ይሰበር አለ። የሰው ቁልፍ አይሰበርም አሉ። አምሐ ሊያግባባቸው ሞከረ፤ እኔም ሞከርሁ፤ ውስጡን አንነግርም፣ ሦስታችን ብቻ እናየዋለን አልኋቸው። እኔ ይህን ስል ወደ እኔ አዩ። አስተያየታቸው አልገባኝም፤ የተናደዱብኝ መሰለኝ።

«እንግዲያው ካሳው ይቅር» አሉ። ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁና ወጡ።

አምሐ የእምቢታውን ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍሁት። ንጹሕ ደብዳቤ ነበር፣ አንድም ስርዝ የለውም። ከሰዓት በኋላ ሊፈርምበት ጠረጴዛው ላይ ትቼው ምሳ ልበላ ወደ ቤት ሄድሁ።

ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ የሺመቤት ትባላለች። እየበላሁ በአያ ሙሀመድየሱፍ ላይ ተነጫነጭሁ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም፤ አንድ የዛገ ሳጥን ይዞ ሱቁን ሊቀብር ነው አልሁ። እናቴ ውኃ ልትቀዳልኝ ቆማ ነበር።

«ከፈታችሁት?» አለች።

አልከፈትነውም፣ ቁልፍ የለውም አልኋት። ማሰሮውን አስቀመጠች። ነጠላዋን ደረበች፣ ጫማዋን አደረገች። የት ነው ብላት አልመለሰችልኝም። ፊት ፊት ሄደች፤ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ተከተልኋት።

ቢሮ ገብታ አምሐን እጅ ነሣችና «ሳጥኑ የኔ ነው» አለችው። ከማተቧ ጋር ካንገቷ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አወጣች። ያን ቁልፍ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የልብስ ሣጥኗ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከፈተችው።

የወንድሜ የቢያዝን ልብስ ነው። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ ፎቶግራፉ። ከሥሩ ደብተሮቹ። ወንድሜን በ1970 ዓ.ም. ወሰዱትና አልተመለሰም። ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁት ብላኝ ነበር፤ አምኛት ነበር።

አምሐ ጎንበስ ብሎ አንዱን ደብተር አነሣ። ገለጠው። እኔ ከቆምሁበት የመጀመሪያውን መስመር አነበብሁት፤ የቢያዝን እጅ ጽሑፍ ትልልቅ ነው። ያ መስመር ብቻውን በዚያ ዘመን እናቴን እስር ቤት ለማስገባት፣ እኔን ከሥራ ለማስወጣት ይበቃ ነበር። አምሐ አንድ ገጽ አነበበ፤ ቀጥሎ ሌላ ገጽ አነበበ። ደብተሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ሸሚዙን ከላይ አለበሰው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ጻፍ» አለኝ። «አንድ ሳጥን፣ ያገለገለ ልብስ። ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት።»

ጻፍሁ። ሁለት ቦታ ሠርዤ ደገምሁት። የእምቢታውን ደብዳቤ አምሐ ራሱ አራት ቦታ ቀደደው። ካሳው በሁለት ወሩ ወጣ፤ ሱቁም ተከፈተ፤ ጓዳውም አብሮ።

አያ ሙሀመድየሱፍን አስጠራናቸው። ሲመጡ እናቴን ከሳጥኑ አጠገብ አዩዋትና ፊታቸው ጠቆረ። ማን ነገራት ብለው እንደሆነ ነው፤ እሳቸው አልነገሯትማ። እናቴ ራሷ እንደመጣች ስትነግራቸው ትንሽ ቀለል አላቸው።

«ይቁጠሩት፣ ወይዘሮ የሺመቤት» አሏት። «እሳት አጠገብ ነበር፤ የጎደለ እንዳይኖር።»

እናቴ አንድ በአንድ ቆጠረች። ሙሉ ነው አለቻቸው። እጃቸውን ልትስም ስትል እጃቸውን ነጠቋት።

ሳጥኑን ተሸክሜ በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ሄድን። ከብዶኝ ሳይሆን ተበሳጭቼ ሁለት ጊዜ አወረድሁት። ወንድሜ ነው፤ ዕቃው የኔም ነው። ስድስት ዓመት ለጨርቅ ነጋዴ ሰጥታ እኔን ለነዳያን ሰጠሁ ትለኛለች። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኋት፤ እርምጃዋን አፈጠነች። እንደገና ጠየቅኋት፤ እኔ ልደብቅልሽ አልችልም ነበር ወይ አልሁ።

ቆመች።

«እሳቸው ሲጠየቁ የለም ይላሉ ብዬ ነው የሰጠኋቸው» አለች። «አንተ ሲጠይቁህ ትናገራለህ።»

ለማን ተናገርሁ ብዬ ጮኽሁባት።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት የስኳሩን ቅጽ ማን ሞላው?» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

እኔ ነበርሁ። ቀበሌ ለስኳር ራሽን ብሎ የቤተሰብ ቅጽ አመጣ። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ እኔ ሞላሁት። ከቤት የራቀ ቤተሰብ ካለ ያለበት ቦታ ይገለጽ የሚል መስመር ነበረው። ድርሻው እንዳይቀርበት ብዬ ቢያዝን፣ ወንድም፣ ሐሙሲት አክስቱ ዘንድ ብዬ ጻፍሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ምን እንደጻፍሁ ያወቀችው ቢያዝንን ከተደበቀበት ከሐሙሲት ከወሰዱት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን እንደጠቆመው ሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እሷንም ጠይቄያታለሁ፤ አላውቅም ነበር የምትለኝ።